ሚስተር ክላይቭ ለምን ዝም አለ?

የቤት ሥራን «የቤት ሥራ» ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ቤት ውስጥ የሚሠራ መስሎት ነበር። የዋህ ሰው ነው። እኛ ተማሪ ሳለን የቤት ሥራ የሚሠራው ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ፣ የጎበዙን ልጅ ደብተር የጓደኛ ጀርባ ላይ አስደግፎ ነበር። ከእኛ በኋላ የመጡት ታላቅ ወንድምና እህታቸውን አሠሩ። የዛሬዎቹ ደግሞ ስልክ አላቸው። ስልክ አይደክመው፣ አይቆጣ፣ «መጀመሪያ ራስህ ሞክር» አይል፤ ይጠይቁታል፣ ይሠራላቸዋል፣ ይገለብጣሉ፣ ያስረክባሉ። አሁን የቀረው መምህሩም እርማቱን ለስልኩ መስጠት ብቻ ነው። ያኔ ሁለቱ ስልኮች እርስ በርሳቸው ይማማራሉ፤ እኛም ወደየጉዳያችን እንሄዳለን።

ይህን የምለው ስልክን ለማማት አይደለም። እኔን ለትልቅ ጣጣ የዳረገኝ ስልክ ሳይሆን ስልክን ልበልጥ መሞከሬ ነውና፣ ያንን ላጫውታችሁ።

ታደለ እባላለሁ። ትውልዴ ደብረ ማርቆስ ነው፤ እንጀራዬ ግን ሐረር ላይ ነው። ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። የሐረር ልጅ ቤቱ ሐረሪ፣ ገበያው ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤቱ አማርኛ፣ መስጊዱ አረብኛ ነው፤ አራቱንም ሳይደናቀፍ ይናገራል። እኔ ደግሞ አምስተኛውን ይዤ መጣሁበት፤ ያውም እንግሊዞቹ ራሳቸው የተዉትን፣ የጥንቱን።

ባለፈው ዓመት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ያስነበብኩት አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ነበር። ርዕሱን አልነግራችሁም፤ ፈልጋችሁ ታነቡትና እኔን ትወቅሳላችሁ። ታሪኩ ግን ይህ ነው። ሚስተር ክላይቭ የሚባል ረዥም፣ ጨዋ፣ ፈረስና መሬት ያለው ሰው አለ። ሚስ ዶርቲ የምትባል ብልህ ልጅ አለች። ሰውየው ልጅቷን ይወዳታል። እሷም ትወደዋለች። እንቅፋት የሚሆንባቸው ማንም የለም። ታዲያ ሰውየው ምን ያደርጋል? በየሳምንቱ ወደ ቤቷ ይሄዳል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ባርኔጣውን ያደርጋል፣ ይሄዳል። ምዕራፉ ያልቃል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ደግሞ በረዶ ይጥላል።

«ሚስተር ክላይቭ ለምን ዝም አለ? በአንድ ገጽ አብራሩ» ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ክፍሉ በሙሉ «የሚስተር ክላይቭ ዝምታ የውስጣዊ ግጭቱ ነጸብራቅ ነው» ብሎ መጣ። ከኋላ ወንበር ተኝቶ የሚውለው ልጅ ሳይቀር! የክላይቭ ውስጣዊ ግጭት ቀርቶ፣ ጎኑ ሁለት ልጆች ቢቧቀሱ የማይሰማው ልጅ።

ተናደድኩና አንድ ተንኮል አሰብኩ። «ከእንግዲህ» አልኳቸው፣ «ያነበባችሁትን ምዕራፍ ቤታችሁ ላለ፣ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ትልቅ ሰው በአፋችሁ ትተርካላችሁ። ያ ሰው ያለውን ደግሞ ጽፋችሁ ታመጣላችሁ።» ክፍሉ አጉረመረመ። ስልክ የሰው አክስት ምን እንዳለች ከየት ያውቃል?

አሁን ፈትያን ላስተዋውቃችሁ። ፈትያ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም፤ ስትጽፍ ግን እጇን የሚይዝላት የለም። የምትኖረው ጀጎል ውስጥ ከአክስቷ ጋር ነው። አክስቷን ሰፈሩ «አይ ሩቂያ» ይላቸዋል። «አይ» በሐረሪዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ለከበሩ ሴቶች የሚሰጥ መጠሪያ። እኔ ግን አማርኛዬን ይዤ ስለመጣሁ፣ ስማቸው ሲጠራ ሴትዮዋ ገና ምንም ሳይጠየቁ እምቢ ያሉ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳውቃቸው ሁለቱም ትርጉም ልካቸው ሆኖ አገኘሁት። እሳቸው የሰፈሩ ሴቶች አፎቻ ዋና ናቸው፤ አፎቻ ማለት እኛ ዕድር እንደምንለው ለሐዘንም ለሠርግም የሚደራረሱበት ማኅበር ነው። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ እሳቸው ቤት ተሰብስበው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። ፈትያ ሚስተር ክላይቭን ወስዳ የጣለችው እዚያ መሀል ነው።

የመጀመሪያ ጽሑፏን መልሼ በአማርኛ ላምጣላችሁ፦

«አክስቴ 'ይህ ሰውዬ ወላጅ የለውም?' አሉ። የለውም አልኩ። 'ጎረቤትስ?' አሉ። ጎረቤት አለው፣ ግን ጎረቤቶቹ የሚያወሩት ስለ ፈረስ ብቻ ነው አልኩ። 'ታዲያ ማን ሽማግሌ ይሁነው? ፈረሱ?' አሉ። ሌላዋ ሴትዮ 'ምናልባት ሚስት ይኖረው ይሆናል' አሉ። አክስቴም 'ሚስት ያለውማ ወሬ ያውቃል' አሉ። ሦስተኛዋ 'ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው ወይ ገበሬ ነው ወይ ፈሪ ነው' አሉ። ገበሬ አይደለም አልኩ።»

ጽሑፉን መምህራን ማረፊያ ወስጄ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁሉም ሳቀ። የባዮሎጂ መምህርቷ ሰናይት መነጽሯን አውልቃ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። «ወይ ፈሪ ነው!» እያለች ደግማ ትስቃለች።

ስለ ሰናይት ትንሽ ልንገራችሁ። ትንሽ ብቻ። አባቷ ወደ ሐረር ተመድበው መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አድጋለች። ስትስቅ መጀመሪያ አይኗ ይስቃል፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ ድምጿ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ትምህርት ቤት ስንለቀቅ እስከ ሸዋ በር ገበያ አብረን እንሄዳለን፤ እሷ እዚያ ባጃጅ ትይዛለች። ይህን ስናደርግ ዓመታት ሆኖናል። መንገድ ላይ እናወራለን። ስለ ምን? ስለ ብዙ ነገር። ቧንቧ በየትኛው ሰፈር እንደመጣ። ሙቀቱ ካለፈው ሳምንት መባሱን። በኤረር ተራራ በኩል ደመና መታየቱን።

እናንተ ነገሩ ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም ነበር። የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ፤ የሚገባኝ የሌላ ሰው ታሪክ ብቻ ነው።

ወሬው እየሰፋ ሄደ። ፈትያ በየሳምንቱ ትተርካለች፣ ሴቶቹ ይፈርዳሉ፣ የሰሙት ለሌሎች ያደርሳሉ። አንድ ቀን ሸዋ በር ቲማቲም ስመርጥ ሻጯ ጎንበስ ብላ «መምህር፣ ያ እንግሊዝ ተናገረ እንዴ?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። «ቱ!» ብላ አንዱን የበሰበሰ ቲማቲም ወደ ጎን ወረወረችው፤ ክላይቭን የወረወረች ነበር የሚመስለው።

ችግሩ እኔ መጨረሻውን ማወቄ ነው። ክላይቭ አይናገርም። በመጨረሻው ምዕራፍ ሩቅ አገር ሥራ ይዞ በመርከብ ይሄዳል። ዶርቲ ልትሸኘው ወደብ ትመጣለች። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለረዥም ጊዜ አይቷት፣ «ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል» ይላታል። መርከቧ ትሄዳለች። አለቀ። ይህ በእንግሊዝ አገር ትልቅ ጥበብ ነው።

ክፍሉ የመጨረሻውን ምዕራፍ ባነበበ ሳምንት ከሰናይት ጋር ሸዋ በር ስንደርስ፣ ቀይ ሻሽ ያሰሩ አንዲት ደርባባ ሴትዮ ሰዉን ግራና ቀኝ እየከፈሉ መጡ። አይ ሩቂያ ነበሩ። የወላጆች ስብሰባ ላይ ከሩቅ አይቻቸዋለሁ።

«መምህር! እንኳን ደስ ያለህ!» አሉኝ።

«በምን እናቴ?»

«በክላይቭ ነዋ! አግብቷት የለ! እኔ ልጅቷን ሠርጉን ንገሪኝ ብላት 'መጽሐፉ አልጻፈውም' አለችኝ። ሠርግ የማይጻፍ መጽሐፍ ምን ዓይነት ነው? ማን ማን ሽማግሌ ሆነ?»

ሰናይት ክርኔን ጎሸም አደረገችኝ። ዝም በል ማለቷ ነበር። እኔ ግን የሙያ ክብር ያዘኝና «አላገባትም» አልኩ። «በመርከብ ሄደ።»

«ሳይናገር?»

«ሳይናገር።»

አይ ሩቂያ ደረታቸውን ያዙ። «ሱብሃነላህ! እኛ እኮ እልል ብለናል! ጎረቤት 'ምን ደስታ ገጠማችሁ' ብሎ መጥቷል! ያን እልልታ አሁን ማን ይመልሰዋል?» ከዚያ ጣታቸውን አነሡብኝ። «ነገ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ቤት ትመጣለህ። የጻፈውን ሰውዬም ይዘህ ና።»

«ሞቷል እናቴ። ከሞተ ቆይቷል።»

«አላህ ይዘንለት። እንግዲያው አንተ ትመልስለታለህ።» ወደ ሰናይት ዞሩ። «አንቺም ነይ።»

በማግስቱ ፈትያ ጀጎል ውስጥ ጠባቡ መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ፊቷ ገርጥቷል። «ቲቸር፣ ዋሸሁ» አለችኝ። «ሲያዝኑ ማየት አልቻልኩም። አሁን አክስቴ 'ሁለተኛ መጽሐፍ ይዘሽ እዚህ ቤት እንዳላይ' ብለዋል። ለፈተና የሒሳብ ብቻ አንብቢ ብለውኛል።» እስከዚያ ድረስ ነገሩን እንደ ቀልድ ይዤው ነበር፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ ላጣ መሆኔ ያኔ ገባኝ።

የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ መቀመጫው ከወለሉ ከፍ ከፍ ብሎ የተሠራ መደብ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፣ ከእንግዳው በስተቀር። ጫማዬን ሳወልቅ የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቴን ለማኅበሩ አስተዋወቀች። ከፍ ያለው ላይ አስቀመጡኝ። ተከሳሽ ከዳኞቹ በላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሴቶቹ ኦቾሎኒያቸውን ይፈለፍላሉ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሻይ መጣ። ሰናይት ከሴቶቹ ጎን ተቀምጣ እሷም መፈልፈል ጀመረች። ከማን ወገን እንደሆነች ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

«እሺ፣ ተናገርለት» አሉ አይ ሩቂያ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ደራሲው ሊያሳየን የፈለገው፣ አንዳንድ ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በቃል አይደለም...»

«በምንድን ነው?»

«በ... ዝምታ።»

«ዝምታውን ዶርቲ ሰማችው?»

«አልሰማችውም።»

«ታዲያ ማን እንዲሰማው ነው ዝም ያለው?»

ይህን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ማንም አልጠየቀኝም። ግን ለሞተ ሰው ጠበቃ ቆሜ መሸነፍ አልፈለግሁም፤ ደግሞም ፈትያ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «እናቴ፣ ሰውየው ልብ አጥቶ አይደለም» አልኩ። «እምቢ ብትለውስ ብሎ ነው። እምቢ ካለችው እንደ ወትሮው አብሮ መሄድ ይቀራል። አብሮ መሳቅ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ የሚጠብቃት ያቺ ትንሽ መንገድ ትቀርበታለች። አሁን ያለው ነገር ትንሽ ነው፤ ግን አለው። ጠይቆ ባዶ እጁን ከሚቀር፣ ሳይጠይቅ ያንን ይዞ መኖር ይሻለዋል። ጠዋት ሲነሣ የሚያስበው እሷን ነው። ስትስቅ... መጀመሪያ አይኗ ነው የሚስቀው...»

ቀጭ ቀጭታው ቆመ። አንድም ሴት አትፈለፍልም።

አይ ሩቂያ አይናቸውን ከእኔ ሳያነሡ «ፈትያ» አሉ፣ «ይህ ሁሉ መጽሐፉ ላይ አለ?»

ፈትያ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ከዋሸች በኋላ ደግሞ ዳግም ላለመዋሸት ቆርጣለች። «የለም አክስቴ» አለች። «እኔ አላነበብኩትም።»

አይ ሩቂያ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ሰናይት መለሱ። «መምህር፣ ይቺ ልጅ ምንህ ናት?»

«የ... የሥራ ባልደረባዬ ናት።»

«ልጄ፣ እሱስ ምንሽ ነው?»

ሰናይት እጇ ላይ ያለውን ኦቾሎኒ ፈልፍላ ጨረሰች፣ ገለባውን እፍ አለች፣ «እኔም አላውቅም እናቴ» አለች። «እሱን ይጠይቁት።»

ሁሉም አይን ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ የተማርኩት ቃል ሁሉ፣ የእኛም የእንግሊዙም፣ ጥሎኝ ሄደ። «ዛሬ ደመናው...» ብዬ ጀመርኩ።

ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም። አንዷ ሴትዮ ትንፋሽ አጥሯቸው ጀርባቸው ሲደቃ ነበር። ሌላዋ «እንግሊዙ ራሱ መጣ!» እያሉ መሬቱን ይመታሉ። ሻዬን ልጠጣ ባነሣ ባዶ ነበር። አይ ሩቂያ ብቻ አልሳቁም። ወደ ሰናይት ጠጋ ብለው «የአባትሽ ቤት የት ነው?» አሏት። መቼም ትቆጣለች፣ ተነሥታ ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ነገረቻቸው። መታጠፊያውን፣ ሱቁን፣ እስከ በሩ ቀለም ድረስ።

እሑድ ዕለት አይ ሩቂያ ሁለት የአፎቻ ጓደኞቻቸውንና ለወጉ ያህል ባላቸውን አስከትለው ሻምበሉ ቤት ሄዱ። የሆነውን የነገረችኝ ሰናይት ናት። ሻምበሉ በሩን ከፍተው ሲያዩአቸው ቤት ጠፍቷቸው የሚጠይቁ መስሏቸው ነበር። አይ ሩቂያ ከመቀመጣቸው በፊት «ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አሏቸው። ሻምበሉ ደነገጡ፤ ሃይማኖቱስ፣ ምኑስ ብለው። ልጁ እንደ እርስዎ ክርስቲያን ነው፣ ከጎጃም ነው፣ መናገር ብቻ ነው የማይችለው ተባሉ። «ዲዳ ነው?» አሉ ሻምበሉ። «ኧረ አስተማሪ ነው» አሏቸው።

ሰውየው በመጨረሻ ልባቸው ለሰለሰ፤ «ልጅቷ እሺ ካለች እኔ አልከለክልም» አሉ። ልጅቷ ተጠራች። ልጅቷም «ለእናንተ አክብሮት አለኝ፤ ግን ሰውየው ራሱ ይንገረኝ» አለች።

ሰኞ ጠዋት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። «ሰናይት» አልኩ። «በአፌ አልሆነልኝም። ልጻፈው?»

«ጻፈው» አለች ፈገግታዋን ለመደበቅ እያሳለች። «አንድ ገጽ። በአማርኛ። ከስልክ መቅዳት አይቻልም።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ገብቼ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? ስልኬን አወጣሁ። ጠየቅሁት። ስልኩም ጊዜ ሳይወስድ፣ ስሜቴ «የውስጣዊ ጉዞዬ ነጸብራቅ» መሆኑን አበሰረኝ። አጠፋሁት። በዚያች ቅጽበት ከኋላ ወንበር ለሚተኛው ልጅ አዘንኩለት፤ ለካ ባዶ ወረቀት ያስፈራል። ከዚያ የመጣልኝን ጻፍኩ። ገጹ አልሞላም። ግማሹም አልሞላም።

ሸዋ በር ላይ ሰጠኋት። የታክሲ ረዳቶቹ «ድሬ! ድሬ! የቀረ አንድ ሰው!» እያሉ ይጮሃሉ፣ እሷ እዚያው ቆማ አነበበችው። ከቦርሳዋ ቀይ እስክርቢቶ አወጣች። የእርማት እስክርቢቶዋን! «ሕይወቴ» የሚለውን በሃሌታው ሀ ጽፌው ኖሯል፤ በሐመሩ ሐ አረመችው። ከሥሩ የሆነ ነገር ጫረችበትና አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀምጣ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ባጃጁ እስኪታጠፍ መክፈት አልደፈርኩም። «እሺ። ማጠቃለያ አንቀጽ ይጎድለዋል» ይላል።

ፈትያስ? አይ ሩቂያ እገዳውን አነሡላት። የማጠቃለያ ፈተናው ጥያቄ «የደራሲው አጨራረስ ትክክል ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር። ክፍሉ በሙሉ ደራሲውን ሲያወግዝ ፈትያ ብቻ ተከራከረችለት። ክላይቭ ቢናገር ኖሮ፣ ብላ ጻፈች፣ አክስቴ አይናደዱም ነበር፤ አክስቴ ባይናደዱ ማንም ቤታችን ተጠርቶ አይመጣም ነበር፤ ስለዚህ አንዳንድ መጽሐፍ በደንብ የማያልቀው አንባቢው እንዲጨርሰው ነው። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። አድልዎ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ነው።

ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። አፎቻው ለሠርጉ ከእኔ በላይ ሽር ጉድ እያለ ነው። አይ ሩቂያ ደግሞ ባለፈው አግኝተውኝ «መምህር፣ የሚቀጥለው መጽሐፍ ምንድን ነው? ኦቾሎኒው እየተጠራቀመ ነው» አሉኝ። ትምህርት ቤቱ መጽሐፉን አስቀድሞ መርጦታል፤ እኔም ከልምዴ ተምሬ በመጨረሻው ምዕራፍ ጀመርኩ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ሚስትየዋ ባሏን በሻይ መርዛ ትገድለዋለች። ማንም አያውቅባትም። ደራሲውም ከእሷ ወገን ይመስላል።

«በዚህ ዓመት እናቴ፣» አልኳቸው፣ «ግጥም ብቻ ነው የምናስተምረው።»

መጽሐፉን ግን ሰናይት ከጠረጴዛዬ ላይ ተውሳ ወስዳዋለች። አሁን ግማሹ ላይ ደርሳለች። ታሪኩ ደስ እንዳላት ነግራኛለች። አልፎ አልፎ ከገጹ ላይ ቀና ትልና ታየኛለች፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ንባቧ ትመለሳለች።